ከማሐለቅ እስከ ምስጢር ቃላት፤ በኤረር በር የገንዘብ መለወጥ ታሪክ

መግቢያ

ሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው በጀጎል ግንብ የታጠረች ከተማ ናት። ከግንቡ አምስት ጥንታውያን በሮች በምሥራቅ በኩል ያለው ኤረር በር ይባላል፤ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ከኤረር ሸለቆ እህል፥ ጫትና ማገዶ ይዞ የሚመጣው ባላገር ወደ ከተማው የሚገባው በዚህ በር ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ማታ እየተዘጉ ቁልፋቸው ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ይኸውም፤ ሰው ሀብቱን ከአሮጌው መያዣ ወደ ዐዲሱ በሚያሸጋግርበት ጊዜ የሚጎዳው ለምንድን ነው? ጥያቄውን ያነሣሣኝ በ2013 ዓ.ም. በኤረር በር ማገዶ ስትሸጥ በኖረች አክስቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

1. ማሐለቅና ጠገራ ብር

ሐረር የራሷ ገንዘብ የነበራት ከተማ ናት። ገንዘቧም ማሐለቅ ይባል ነበር። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲሄዱ ሥልጣኑን የያዙት አሚር አብዱላሂ ዐዲስ ገንዘብ አወጡ። ይህ ገንዘብ ጥራቱ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ሕዝቡን አደኸየው። ስሙ ማሐለቅ እንደ ኾነ ቢቀርም በውስጡ ያለው ዋጋ ቀንሶ ነበርና፥ ጉዳቱ የወደቀው ሌላ ገንዘብ በሌለው ድኻ ላይ ነው።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ሲይዙና ደጃዝማች፥ በኋላም ራስ መኰንን አገረ ገዥ ሲኾኑ ማሐለቁ ወዲያውኑ አልጠፋም። እንዲያውም 1885 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ያለበት ማሐለቅ በሐረር ታትሟል። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ብር በፓሪስ ተሠርቶ መጣ። ነገር ግን ነጋዴው ከኹሉ አብልጦ ያመነው የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነው። ይህ ብር መቼም ይታተም መች ቁጥሩ 1780 ነው፤ ክብደቱም 28 ግራም ያህል ነው። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቈጠረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። ማንም ሰው ማረጋገጫውን በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው።

2. ከብር ወደ ወረቀት

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተቋቋመ፤ በሐረርም ቅርንጫፍ ከፈተ። ይኹን እንጂ ወረቀት የባላገሩን እምነት ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጠገራው ቢቀልጥ እንኳ ብር ነው፤ የሐረር አንጥረኞችም ጌጥ ይሠሩበት ነበር። ወረቀት ግን የሰጪው ቃል ብቻ ነው። የሰጪው መንግሥት ሲወድቅ ቃሉ አብሮ እንደሚወድቅ ደግሞ ሕዝቡ ብዙም ሳይቈይ በዓይኑ አየ። በጠላት ወረራ ዘመን ሊሬ መጣ፤ በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሐረር ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተከተለ። በአንድ ትውልድ ውስጥ አንድ ሻጭ ሦስትና አራት ዓይነት ገንዘብ ለመለየት ተገደደ።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር በመቶ ሳንቲም ተከፍሎ ሲወጣ አንዱ ብር በኹለት ሽልንግ ይመነዘር ነበር። በዚህ ጊዜ መንግሥት የሕዝቡን ልብ ዐውቆ አንድ ጥሩ ዘዴ አደረገ። ይኸውም፤ ከወረቀቱ ጋራ ከብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ገንዘብ ማውጣቱ ነው፤ ብሩ የተገኘው ከአሜሪካ ነበር። ከብር ወደ ወረቀት የሚያሻግር ድልድይ ተሠራ ማለት ይቻላል።

3. የ2013 ለውጥ

ከዚያ ወዲህ ኖቶቹ በ1969 ዓ.ም. ከዘውዱ መውደቅ በኋላ፥ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ተለውጠዋል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡና ባለ 200 ብር ኖት እንዲጨመር ታወጀ። 2.9 ቢሊዮን ኖቶች በ3.7 ቢሊዮን ብር ወጪ ታትመዋል፤ የመለወጫውም ጊዜ 3 ወር ነበር።

ለባንክ ደንበኛ 3 ወር ይበቃል። አክስቴ ግን ፊርማ አታውቅም፤ የባንክ ደብተርም አልነበራትም። የዓመታት ጥሪቷን በጨርቅ ቋጥራ በትራሷ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ብዙ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ይጠየቃል የሚል ወሬ በሰማች ጊዜ ፈርታ፥ «እኔ ለውጬ አመጣልሻለሁ» ላላት አንድ ጐረምሳ ሰጠችው። እርሱም ከአምስት እጅ አንዱን ለድካሙ አስቀርቶ የቀረውን አመጣላት። «ይህንስ ማን ይሰጣል!» ብላ መረቀችው። ዐዋጁ ከአክስቴ ላይ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። የጐደለው በመንገዱ ላይ ነው።

4. የማይጨበጠው ገንዘብ

በ2001 ዓ.ም. በዓለም ላይ ቢትኮይን የሚባል፥ በመንግሥት ያልታተመ ገንዘብ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ያለ ፈቃድ በዚህ ዓይነት ገንዘብ እንዳይገበያይ አስጠንቅቋል። እዚህ የማነሣው ስለ መለወጥ የሚያስተምረን ስላለ ነው።

የዚህ ገንዘብ መያዣ ቦርሳ ይባላል፤ በውስጡ ግን ገንዘብ የለም። ሒሳቡ የተመዘገበው በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በተዘረጋ መዝገብ ነው፤ ቦርሳው የሚይዘው ቁልፉን ብቻ ነው። በብዙዎቹ ቦርሳዎች ይህ ቁልፍ ከ2,048 ቃላት ዝርዝር በተመረጡ 12 ወይም 24 ቃላት ይጻፋል። ቦርሳው ሲያረጅ ባለቤቱ ዐዲስ ቦርሳ ከታወቀ ምንጭ አውጥቶ፥ ቃላቱን በወረቀት ጽፎ፥ በመጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ልኮ መድረሱን ካየ በኋላ የቀረውን ያሸጋግራል። ቃላቱ ከጠፉ አቤት የሚባልበት የለም፤ ሌላ ሰው ካያቸውም ገንዘቡ የዚያ ሰው ነው።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ኤሌክትረም በሚባለው ቦርሳ ተጠቃሚዎች ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። አታላዮች በአሮጌው ፕሮግራም ላይ «ቦርሳህን አድስ» የሚል መልእክት ላኩ። ያመኑት ሰዎች ሐሰተኛውን ፕሮግራም አውርደው ቁልፋቸውን በገዛ እጃቸው አስረከቡ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከ200 በላይ ቢትኮይን ተሰረቀ። እነዚህ ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ነበሩ። ከአክስቴ ጋራ የሚያመሳስላቸው፥ በጥድፊያና በፍርሃት መካከል «እኔ ልለውጥልህ» ያላቸውን ማመናቸው ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ኹለት ዓይነት ጉዳት እንለያለን። አንደኛው እንደ አሚር አብዱላሂ ገንዘብ፥ ዐዲሱ ራሱ ከአሮጌው ሲያንስ የሚደርስ ነው። ኹለተኛው ዐዲሱ እኩል ኾኖ ሳለ በመሸጋገሪያው ላይ የሚደርስ ነው፤ ይህም ባለገንዘቡ ማረጋገጫውን በእጁ ካለመያዙ ይመጣል። ጠገራውን የሚቀበል ባላገር ነጠብጣቡን ይቈጥር ነበር፤ አክስቴ ግን የምትቈጥረው ምልክት አልነበራትም።

ስለዚህ ወደ ፊት ገንዘብ በሚለወጥበት ጊዜ ዐዋጁ በራዲዮ መነገሩ ብቻ አይበቃም። ለዋጩ ራሱ እስከ ኤረር በር ወጥቶ፥ በባላገሩ ቋንቋ አስረድቶ፥ በፊቱ ቈጥሮ ቢያስረክብ ጐረምሳው ሥራ ባጣ ነበር። አክስቴ ዛሬ የባንክ ደብተር አላት። ደብተሩን ያስቀመጠችው በዚያው በትራሷ ውስጥ ነው።