ፊደላችን በቴምብር፣ በሥዕልና በመንገድ ላይ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ዕድሩ፣ ስለ በዓላት ዝግጅቱና ስለ ስፖርቱ የሚጽፍ አይጠፋም። እኛ ደግሞ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለሚኖረው፣ ነገር ግን እምብዛም ልብ ብለን ስለማናየው ስለ ፊደል ገበታ ጥቂት ለማለት ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

እንደሚታወቀው እዚህ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹም ይናገራሉ። አዲስ አበባ ላሉት አያታቸው በስልክ መልእክት ሲልኩ ግን «እንዴት ነዎት?» የሚለውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። አያትየው መነጽራቸውን አድርገው ቢሞክሩም ማንበብ ያቅታቸዋል። በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሁለት ትውልዶች በጽሑፍ መገናኘት ሲያቅታቸው ማየት ያሳዝናል። ታዲያ ልጆቻችን ፊደሉን በግዴታ ሳይሆን በፍቅር እንዲይዙት ምን እናድርግ? መልሱን ከታሪክ ብንፈልግ የሚጠቅም ይመስለናል፤ ፊደላችን ከአገሩ ወጥቶ ሲኖር ይህ የመጀመሪያው አይደለምና።

በግዕዝ ፊደል በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመውም በኢትዮጵያ ሳይሆን በሮም ነበር። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ስለዚህ የፊደላችን የኅትመት ታሪክ የሚጀምረው እንደኛው ከአገራቸው ርቀው ይኖሩ በነበሩ ሰዎች ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ፊደላችን በትንሿ ወረቀት በቴምብር ላይ የወጣው ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1894 የፖስታ ሥራ እንዲጀመር ሲታሰብ ስዊዘርላንዳዊው የንጉሡ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ በጉዳዩ ዋና ተሳታፊ ነበሩ። ሰባቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ የቀረጻቸውም ታዋቂው ፈረንሳዊ ባለሙያ ኤዤን ሙሾን ነበር። አራቱ የንጉሡን ምስል፣ ሦስቱ አንበሳውን ይዘዋል። የአገሩ ስም በላቲን ፊደል አልተጻፈባቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለልጆቻችን ጥሩ ትምህርት ነው። በ1901 በዚያው ቴምብር ላይ «ኤቲዮፒ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ በማኅተም ተመታበት። በ1902 «ቦስታ» የሚል፣ በ1903 ደግሞ «መልክት» የሚል ቃል በራሳችን ፊደል ተመታበት። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ቃል መሆኑ ነው። አንዱ ለውጭው ዓለም አገሩን ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው ከውጭ የመጣ ቃል በእኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ሦስተኛው የራሳችን ቃል ነው። በስደት የሚኖር ቤተሰብም በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ አይደለም ወይ? ለጎረቤት በአንድ መንገድ፣ ለቤት በሌላ መንገድ ራሱን ይገልጻል።

ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን አያደርሰውም ነበር፤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የዚያ ቅኝ ግዛት ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። ዛሬ አንድ የቆየ ፖስታ ላይ የሁለት አገር ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎ ብናገኝ ታሪኩ ይኸው ነው።

ቴምብሩ ከወጣ በኋላ ፊደሉን ወደ መሣሪያ የማስገባቱ ጉዳይ ተከተለ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የጽሕፈት መኪና ደግሞ ይህን ሁሉ የሚችል ቁልፍ የለውም። ኢንጂነር አያና ብሩ መነሻውን ፊደልና የአናባቢውን ቅጥያ ለያይቶ በመምታት መፍትሔ ካበጁት መካከል በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መለያ ውስጥ ገባ። ልጆቻችን በእጃቸው በያዙት ስልክ «ሀ» ብለው መጻፍ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው አለ፤ የጎደለው ፍላጎቱ ነው።

ፍላጎትን በማነሣሣት ደግሞ ሠዓሊዎቻችን ብዙ ያስተምሩናል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበሉ። በአውሮፓ ሲዘዋወሩ በቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት እየፈለጉ ያጠኑ ነበር። የአገራቸውን ጥበብ በሰው አገር አገኙት ማለት ነው። በ1961 በተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስታወት የእርሳቸው ሥራ ነው።

እስክንድር ቦጎሲያን ከብራና ጥቅልልና ከክታብ ሥዕሎች ተነሥተው የራሳቸውን መንገድ አበጁ። ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረው በ2003 በዚያው አረፉ። በ1977 የተባበሩት መንግሥታት ዘረኝነትን ለመዋጋት ላወጣው ቴምብር የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ሥዕል ሠርተዋል። በ1950 አዲስ አበባ የተወለዱት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ በአሜሪካ ሲኖሩ ፊደሉን ራሱን የሥዕላቸው ዋና ነገር አድርገውታል። በሥዕሎቻቸው ላይ ፊደል ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይጨፍራል። ቃሉን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቆሞ ያየዋል።

ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው አንድ ነገር አለ። መነሻ ሐሳብ ያገኙት ቁጭ ብለው በመጠበቅ ሳይሆን በመመልከት ነው። ለመመልከት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻንም።

መሀል ከተማ ሞይ ጎዳና ላይ በሚገኘው የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ምድር ቤት የጆሴፍ ሙሩምቢ ስብስብ አለ። በ1966 የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙሩምቢ ከመላው አፍሪካ የሥነ ጥበብ ሥራዎችን ሰብስበዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ የአፍሪካ ቴምብሮች ይገኙበታል። በ1913 የተሠራው የናይሮቢ ጋለሪ ሕንፃም ከእግር ጉዞ የሚርቅ አይደለም። ቀድሞ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት ቢሮ ነበር። ልጆች ወጥተው ሁለቱንም ማየት ይችላሉ። የቀድሞዎቹን የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ የጋራ ቴምብሮች ያገኘ ልጅ ደግሞ ሦስት አገር በአንድ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ ያያል።

ማታቱዎቹንም አንርሳ። በ2004 በወጣው ደንብ ባለ ቢጫ መስመር ብቻ እንዲሆኑ ሲታዘዝ ሥዕሉና ጽሑፉ ጠፍቶ ነበር፤ ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሲፈቅዱ ተመልሶ መጣ። የከተማው ወጣቶች ፊደል በቀለም እንዴት እንደሚያምር በየመንገዱ አሳይተውናል። በሐርሊንግሃምና በእስሊ ያሉት የምግብ ቤቶቻችን ሰሌዳዎችም የእኛው ጋለሪ ናቸው። በ1964 ኬንያን የጎበኙት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰጠው ጎዳናም አለ፤ ልጆች የሰሌዳውን ጽሑፍ በራሳችን ፊደል ቢጽፉት እንዴት ያለ መልመጃ ይሆን ነበር!

ስለዚህ ለወላጆች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ያዩትን አንድ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ይገልብጡት፤ አንድ ቴምብር ራሳቸው ነድፈው ይሳሉ፤ በእርሱም ላይ የራሳቸውን ስም ይጻፉ። ከዚያም በእውነተኛ ፖስታ ላይ አድራሻውን በአማርኛም ጽፈው ለአያታቸው ይላኩት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአንድ መውጫ አንድ ፊደል የለመደ ልጅ ሳይታወቀው ገበታውን ይጨርሰዋል።

የፖትከን መምህራን የነበሩት መነኮሳት፣ ኢንጂነር አያና፣ ሠዓሊዎቻችን ሁሉ ፊደሉን ለእኛ አድርሰውታል። በቀጣዩ ኢዮቤልዩ በዚህ መጽሔት ላይ የሚጽፉት ዛሬ በማኅበራችን አዳራሽ የሚሯሯጡት ልጆች እንዲሆኑ፣ የሚጽፉትም በራሳቸው ፊደል እንዲሆን እንመኛለን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!