ክሩዝ ላይ በካሽ ወይስ በካርድ? ከመሳፈራችሁ በፊት ይህን እወቁ

ባልቲሞር ወደብ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ባሃማስና ወደ ካሪቢያን የሚነሱ መርከቦች ስላሉ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሐበሻ ክሩዝ የሩቅ ነገር አይደለም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋም ያጓጓል። ክፍሉ፣ ምግቡ፣ የማታው ሾው ሁሉም ተካቷል ይላል። ታዲያ ኪስ ውስጥ ምን ያህል ይያዝ? ካሽ ነው ካርድ? ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው መርከቡ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ችግሩም እዚያ ይጀምራል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መርከቡ ውስጥ ባር ላይ 20 ዶላር ብታወጡ አስተናጋጁ አይቀበላችሁም። የባንክ ካርዳችሁንም አይፈልግም። የሚጠይቃችሁ ስትሳፈሩ የሚሰጣችሁን የመርከቡን ካርድ ነው። ይህ ካርድ የክፍላችሁ ቁልፍ ነው፣ ወደብ ላይ ስትወርዱና ስትመለሱ መታወቂያችሁ ነው፣ መክፈያችሁም እሱ ነው። ሮያል ካሪቢያን ሲፓስ ይለዋል፣ ካርኒቫል ደግሞ ሴይል ኤንድ ሳይን። ፕሪንሰስ ላይ ሜዳሊያን የምትባል አንገት ላይ የምትንጠለጠል ክብ ነገር ናት።

አሰራሩ የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ትወስዳላችሁ፣ ይጻፍባችኋል፣ መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ልዩነቱ ባለሱቁ ያውቃችኋል፣ መርከቡ ግን አያውቃችሁም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ዋስትና ይፈልጋል። "ካሽ ወይስ ካርድ" የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲታይ ለዚህ ዱቤ ምን አስይዛለሁ የሚል ጥያቄ ነው።

ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ብዙ አይጨነቅ። ካርዱን በአፑ ወይም ወደቡ ላይ ያስመዘግባል፣ መርከቡ ከባንኩ ፈቃድ እየጠየቀ የተወሰነ መጠን ይይዛል፣ በመጨረሻው ሌሊት ትክክለኛው ሂሳብ ይቆረጣል። የተያዘው ነገር የሚቀንሰው የብድር ጣሪያችሁን ነው እንጂ የደመወዝ ገንዘባችሁን አይደለም። ጣሪያው ዝቅተኛ ከሆነ ወይም ካርዱ ቀድሞ የሞላ ከሆነ ብቻ ነው ሳምንቱ አጋማሽ ላይ "እንግዳ መቀበያ ይምጡ" የሚል መልእክት የሚመጣው።

ብዙ ወጣት የሚይዘው ግን ዴቢት ካርድ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ላዩ ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ምልክት ካለው አብዛኞቹ መርከቦች ይቀበሉታል። ነገር ግን ሆልድ ሲደረግ የሚያዘው የራሳችሁ ገንዘብ ነው። እንበል ባንክ ውስጥ 1,500 ዶላር አላችሁ። ወጪያችሁ እየጨመረ ሲሄድ መርከቡም በየቀኑ እየጨመረ ይይዛል፣ በሳምንቱ መጨረሻ በድምሩ 650 ዶላር ተይዟል። ከዚያ የመጨረሻው ሂሳብ 650 ሆኖ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተያዘው ገንዘብ ወዲያው የሚለቀቅ ስለሚመስለው ነው። ባንኩ ቶሎ ካልለቀቀው ለጥቂት ቀናት 1,300 ዶላር ከእጃችሁ ውጪ ነው ማለት ነው። የቀረው 200 ነው። በዚያው ሳምንት 900 ዶላር የቤት ኪራይ የሚቆረጥ ከሆነ አያልፍም። ባንኩም ለዚህ ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል። ማንም አልሰረቃችሁም፣ ገንዘቡ ይመለሳል። ግን የቤቱ አከራይ ይህን አይሰማም።

ይህ ሲያጋጥም ለመርከብ ድርጅቱ ደጋግሞ መደወል ብዙም አይጠቅም። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ገንዘቡን የሚለቀው ባንኩ ነው፣ ደውሉለት፣ የመጨረሻውን ሂሳብ ደረሰኝም አሳዩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዴቢት መሄድ ግድ ከሆነ የኪራይና የመብራት ገንዘብ የሌለበት ሌላ አካውንት ማዘጋጀት ነው። ቅድሚያ ገንዘብ የሚሞላባቸው ካርዶችም እንደዚሁ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሚመጣ ዘመድ የባንክ የጉዞ ካርድ ይዞ ከሆነ ሆልዱ በአንዴ ሊጨርሰው ይችላል፣ አንዳንድ መርከቦችም እንዲህ ያለውን ካርድ ለዋስትና አይቀበሉም። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ደውሎ መጠየቅ ነው።

ካሽስ? ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያው ጋር ሄዳችሁ ማስያዣ ታስገባላችሁ፣ የመርከቡ ካርድ እስከዚያ መጠን ይሰራል። ሲያልቅ መስራቱን ያቆማል፣ ተመልሳችሁ ትጨምራላችሁ። የተረፈው መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ራሱን መቆጣጠር ለሚያቅተው ሰው ጥሩ ልጓም ነው፣ እውነቴን ነው። ሰልፉ ግን አሰልቺ ነው፣ የመጀመሪያው ቀንና የመጨረሻው ሌሊት በተለይ።

የካሽ ሰዎችን የሚያስደነግጣቸው ሌላ ነገር ነው፦ ጉርሻ። በአሜሪካ ትልልቅ መርከቦች ላይ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ጉርሻ በራሱ ሂሳባችሁ ላይ ይጻፋል። ሕፃናትም ብዙ ጊዜ ይቆጠራሉ። አራት ሰው ያለው ቤተሰብ ለሰባት ሌሊት በ18 ዶላር ቢታሰብ 504 ዶላር ነው። አባት 500 ዶላር አስይዞ "ለሳምንቱ ይበቃናል" ካለ አንድ ኮካ እንኳ ሳይጠጡ አልቋል። መጠጥ ላይም 18 ወይም 20 በመቶ ይጨመራል፣ ስለዚህ ሜኑ ላይ 14 ዶላር ያያችሁት ኮክቴል በ18 በመቶ 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይሆናል።

የየቀኑን ጉርሻ በብዙ መርከቦች ላይ እንግዳ መቀበያው ጋር ሄዶ ማስቀነስ ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። አልጋችሁን የሚያነጥፈውና ሳህናችሁን የሚያነሳው ሰው የሚኖርበት ገንዘብ ነው። ይልቅ ትኬቱን ስትገዙ አብራችሁ ክፈሉት፣ መርከቡ ላይ ስትገቡ ያ ዕዳ የለም። አንዳንድ መርከቦች ደግሞ ጉርሻውን ዋጋው ውስጥ ስለሚያካትቱት ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስቡ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። ካርድ አስመዝግባችሁም ቢሆን ከመጨረሻው ሌሊት በፊት እንግዳ መቀበያው ጋር ሄዳችሁ ዕዳውን በካሽ መክፈል ትችላላችሁ። ካርዱ ላይ የሚቆረጠው ቀሪው ብቻ ነው። ቀድሞ የተያዘው ሆልድ ግን በዚህ ምክንያት ወዲያው አይለቀቅም።

ካሽ በእርግጥ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎችም አሉ። ወደቡ ላይ ሻንጣ ለሚያነሱት፣ በየከተማው ለታክሲና ለትንንሽ ግዢ፣ ለክፍል አጽጂው በእጅ ለመስጠት። የባሃማስ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ስለሆነ ናሶ ላይ መመንዘር አያስፈልጋችሁም። የ1 እና የ5 ዶላር ኖቶችን ከቤት ያዙ፣ መርከቡ ላይ ያለው ኤቲኤም የሚያስከፍለው ክፍያ ያናድዳል። ካዚኖ የሚገባ ሰው ደግሞ በካሽ ይግባ፣ በመርከቡ ካርድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን ይታሰብበታል።

ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያላችሁትን ሁሉ ያስመዘገበው ሰው ካርዱን ለሁሉም ካያያዘው የሁሉም መጠጥ እሱ ላይ ነው የሚመጣው። "በኋላ እንተሳሰባለን" ስንት ጓደኝነት አፍርሷል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ ማያያዝ ይችላል፣ በአፑ ካልሆነ እንግዳ መቀበያው ጋር ሄዳችሁ አስለዩ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነም የእነሱ ካርድ እንዳይገዛበት ማስዘጋት ይቻላል። የጌም ክፍሉ ማሽኖች በዚያው ካርድ ነው የሚሰሩት፣ ሕፃኑ ደግሞ ካርድ ማስነካት እንጂ ዶላር መቁጠር አያውቅም።

ስትገዙ "ኦንቦርድ ክሬዲት ተሰጥቷችኋል" ከተባላችሁ ከክሬዲት ካርድ ጋር አታምታቱት። መርከቡ ላይ ብቻ የሚሰራ የስጦታ ሂሳብ ነው። ብዙ ጊዜ የተረፈው በካሽ አይመለስም፣ ስለዚህ ሳትወርዱ ጨርሱት።

ከአውሮፓ የምትሳፈሩ ደግሞ መርከቡ በምን ገንዘብ እንደሚያስብ አስቀድማችሁ እዩ። ኤምኤስሲ በሜዲትራኒያን በዩሮ ነው፣ በካሪቢያን በዶላር። አንዳንድ መርከቦች "በአገራችሁ ገንዘብ እናስከፍላችሁ" ይላሉ፣ ምንዛሪውን ራሳቸው ስለሚወስኑት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እናንተን ነው። በመርከቡ ገንዘብ ይቆረጥ በሉ፣ ባንካችሁ ለውጭ ክፍያ ስንት በመቶ እንደሚጨምርም ጠይቁ።

ስልካችሁን ባሕር ላይ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉና ዋይፋዩን ብቻ ክፈቱ። የሮያል ካሪቢያንም የካርኒቫልም አፕ የኢንተርኔት ጥቅል ሳትገዙ በመርከቡ ዋይፋይ ሂሳባችሁን ያሳያችኋል። በየማታው አንዴ እዩት። ያልጠጣችሁት መጠጥ ተጽፎ ብታገኙ እዚያው ሄዳችሁ ስታሳዩ ይስተካከላል፣ ቤት ከገባችሁ በኋላ በባንክ በኩል መከራከር ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። በመጨረሻው ሌሊት ከእራት በፊት ሂዱ፣ ከእራት በኋላ ሰልፉ ይረዝማል። ካርዱ እምቢ ያለበት ሰው ጠዋት ላይ ስሙ ይጠራል፣ ሳይከፍልም አይወርድም። በካሽ ያስያዛችሁ ደግሞ ቀሪያችሁን እዚያው ፊታቸው ቆጥራችሁ ተቀበሉና ውረዱ።