አስተማሪውና ተማሪዋ፦ በሁለት ሳምንት ልዩነት የደረሱ ሁለት አደጋዎች

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1936 በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ባለችው ኬፕ ብሬተን ደሴት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫዋ ረግረግ ውስጥ ተቀብሮ ጭራዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረች። ከውስጧ ግንባሯ የደማ የ33 ዓመት ሴት ወጣች።

ቤሪል ማርካም ትባላለች። እንግሊዝ ብትወለድም ያደገችው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው፤ አብራሪ ከመሆኗ በፊት የእሽቅድምድም ፈረስ ታሠለጥን ነበር። በዋዜማው ምሽት ከእንግሊዟ አቢንግደን ተነሥታ፣ ብቻዋን፣ ያለ ሬዲዮ፣ ከ20 ሰዓት በላይ በረረች። ያውም ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፋች፤ በሰሜን አትላንቲክ ነፋሱ የሚበዛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነውና። ሐሳቧ ኒውዮርክ መድረስ ነበር።

የካናዳ ዳርቻ ስትደርስ ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይቆራረጥ ጀመር። ምክንያቱ የነዳጅ ታንከሩ አየር ማስገቢያ በበረዶ መደፈኑ እንደሆነ ይነገራል። አፉ ጠባብ ከሆነ ጀሪካን ዘይት የቀዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ አየር ካልገባ ፈሳሹ እየታነቀ ነው የሚወርደው። ከላይ አረንጓዴ ሜዳ የመሰላት ቦታ ረግረግ ሆነ፤ ጎማዎቹ ሰመጡ፣ አውሮፕላኗም በአፍንጫዋ ተደፋች።

ማርካም ኒውዮርክ ባለመድረሷ ተከፋች እንጂ ከእንግሊዝ ተነሥታ አትላንቲክን ወደ ምዕራብ ብቻዋን ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እንደኔ እንደኔ ግን ያ ማረፍ ራሱ ሙያ ነበር። ሞተር ሲከዳ ብዙ አብራሪ የሚሞተው ከፍታውን ለማቆየት ሲታገል ፍጥነቱን አጥቶ ነው። እሷ ግን አውሮፕላኗን እየተቆጣጠረች መሬት አደረሰቻት።

የሚያሳዝነው የአስተማሪዋ ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ መብረር ያስተማራት ቶም ካምቤል ብላክ በ1934 ከባልደረባው ቻርልስ ስኮት ጋር ከእንግሊዝ እስከ ሜልቦርን የተደረገውን ታላቅ የአየር ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1936፣ ተማሪው ረግረግ ላይ ከወደቀች ሁለት ሳምንት ሳያልፍ፣ ሊቨርፑል ስፒክ አየር ማረፊያ ትንሿን የውድድር አውሮፕላኑን መሬት ለመሬት እየነዳ ነበር። ገና ያረፈ የጦር አውሮፕላን መጥቶ ገጨው። ካምቤል ብላክ በ36 ዓመቱ ሞተ።

በዘመኑ አውሮፕላኖች ጭራ መሬት ሲነካ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ አብራሪው ከፊቱ ያለውን በቀጥታ ማየት አይችልም፤ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ማየት ነበረበት። ስለ ማረፍ አደጋ ስናወራ ጎማ መሬት ከነካ በኋላ ያለውን የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ካምቤል ብላክ ሲዘጋጅበት የነበረው ከፖርትስመዝ እስከ ጆሃንስበርግ የሚደረግ ውድድር ከ10 ቀን በኋላ ተጀመረ። 9 አውሮፕላኖች ተነሡ፤ የደረሰው አንድ ብቻ ነው። አብራሪዎቹ የድሮ ባልደረባው ስኮትና ጋይልስ ጉትሪ፣ አውሮፕላኑም ፐርሲቫል ቬጋ ገል ነበር፤ ማርካም ረግረግ ላይ የተወችው ዓይነት።