ከአንገት እስከ አንጀት

አማርኛችን የሰውን ቃል የሚመዝነው በሰውነት ክፍል ነው፡፡ ነገሩ ለይስሙላ ሲሆን «ከአንገት በላይ ነው» እንላለን፤ እውነት ሲሆን ደግሞ «ከአንጀቱ ነው» እንላለን፡፡ ደስ ያለው ሰው አንጀቱ ይርሳል፣ ያዘነ ሆዱ ይባባል፣ የተበደለ ሆድ ይብሰዋል፡፡ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚለውም ተረት ከዚሁ የተቀዳ ነው፡፡ በዚህ አነጋገር አንገትና አንጀት የተራራቁ ሁለት አገሮች ይመስላሉ፡፡ የሕክምና ታሪክ ግን በሁለቱ መካከል የተዘረጋ አንድ መንገድ እንዳለ ያስተምረናል፡፡ መንገዱ አንገት ላይ ሲጎዳ ሆድም ይታወካል፡፡

ይህ መንገድ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፡፡ ስሙ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ተንከራታች» ማለት ነው፡፡ ስሙም ይገባዋል፡፡ ከራስ ቅል ሥር ይነሣና በግራና በቀኝ አንገት፣ በታላላቆቹ የደም ሥሮች መካከል ተሸሽጎ ይወርዳል፤ ማንቁርትን፣ ልብንና ሳንባን እየጎበኘ ጨጓራና አንጀት ይደርሳል፡፡

ስለዚህ ነርቭ ከደረሱን ጥንታዊ ምስክርነቶች ገናናው የጋሌን ነው፡፡ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጴርጋሞን ተወልዶ በሮም የገነነው ይህ ሐኪም በሊቃውንትና በሹማምንት ፊት አሳማ አስሮ ያስጮኽ ነበር፡፡ በጩኸቱ መካከል ከቬገስ ተገንጥለው ወደ ማንቁርት የሚሄዱትን ቀጫጭን ነርቮች ሲያስር ጩኸቱ ድንገት ይቆማል፡፡ እነዚህ ቅርንጫፎች ወደ ደረት ወርደው፣ በደም ሥር ላይ ዞረው፣ እንደገና ወደ አንገት ይወጣሉ፡፡ ጋሌን ይህን ግኝቱን በኩራት ጽፎታል፡፡

ከአሳማው ይልቅ የሚያሳዝነው ግን እርሱ ራሱ የተረከው የአንድ ልጅ ታሪክ ነው፡፡ አንድ ቀዶ ሐኪም ከልጁ አንገት እብጠት ሲያወጣ፣ ደም ሥር እንዳይቆርጥ ፈርቶ ሥጋውን በጥፍሩ ቦጨቀው፤ ደም ሥሩን ሲያድን ነርቮቹን በጠሳቸው፡፡ ልጁ ከእብጠቱ ተፈወሰ፤ ድምፁን ግን አጣ፡፡ የአንገት ቀዶ ሕክምና ታሪክ ከዚያ ወዲህም በዚሁ ፍርሃት ጥላ ሥር ያለፈ ነው፡፡

እኛም አገር አንገት ሲነሣ እንቅርት ይነሣል፡፡ አዮዲን የሚያጥረው የደጋ ምድር ለእንቅርት እንግዳ ስላልሆነ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን መከራን በመከራ ላይ መደረብ ገልጸንበታል፡፡ የስዊዘርላንድ ተራሮችም እንዲሁ ነበሩ፡፡ በዚያች አገር፣ በበርን ከተማ፣ ቴዎዶር ኮኸር የተባለው ሐኪም በጥንቃቄና በትዕግሥት የእንቅርት ቀዶ ሕክምናን ከሞት ፍርድነት ወደ ተራ ሕክምናነት አቀረበው፤ በዚህ ዕጢ ላይ ላደረገው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፡፡ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ድምፅን በተመለከተ እንዲህ ተማርን፡፡ ሆድንስ? ለዚህ ወደ ፒተርስበርግ እንሻገር፡፡ በ1889 ኢቫን ፓቭሎቭና የሥራ ባልደረባው ሹሞቫ-ሲማኖቭስካያ የውሻን የምግብ ቧንቧ አንገቱ ላይ ከፍተው፣ ጨጓራውንም በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ አገናኙት፡፡ ውሻው ሥጋ ይበላል፤ የበላው ግን ጨጓራው ሳይደርስ በአንገቱ ቀዳዳ ይወድቃል፡፡ ሆኖም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ባዶው ጨጓራ፣ ምንም ሳይደርሰው፣ የምግብ መፍጫ ፈሳሹን ያመነጭ ጀመር፡፡ ሁለቱ የቬገስ ነርቮች ሲቆረጡስ? ውሻው እንደ ወትሮው ይበላል፤ ጨጓራው ግን ዝም ይላል፡፡ መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀርቷልና፡፡ ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ላይ ባደረጋቸው ምርምሮች በ1904 ኖቤልን ተሸለመ፡፡

ሰው ደግሞ ያወቀውን ወደ መሣሪያ መለወጡ አይቀርም፡፡ በ1943 በቺካጎ ሌስተር ድራግስቴት የተባለ ቀዶ ሐኪም የአሲዱን ትእዛዝ ለማቋረጥ ሲል ቁስለት የያዛቸውን ሕሙማን የቬገስ ነርቭ ይቆርጥ ጀመር፡፡ ቁስለቱ ሻረ፤ ጨጓራው ግን የያዘውን ወደ ታች መሸኘት ተሳነው፡፡ ሕሙማኑ በጥቂት ጉርሻ መጥገብ፣ መነፋት፣ ማስመለስ፣ አንዳንዶቹም ተቅማጥ አገኛቸው፡፡ ስለዚህ የጨጓራውን መውጫ የሚያሰፋ ሌላ ቀዶ ሕክምና መጨመር ግድ ሆነ፡፡ ከ1980ዎቹ ወዲህ የቁስለት ዋነኛ ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑ ሲታወቅ ያ ቢላዋ ወደ ሰገባው ተመለሰ፤ ትምህርቱ ግን ቀረ፡፡

ትምህርቱ ለማን ይጠቅማል? ስለ እንቅርት፣ ስለ ዕጢ ወይም ስለ ደም ሥር አንገቱን ተቀድዶ ከዳነ በኋላ «ድምፄ ጎረነነ፤ ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ሆዴ ይነፋል» ለሚል ሰው ይጠቅማል፡፡ ቤተ ዘመድ «አንገትህን ታክመህ ሆድህ ምን አገባው?» ብሎ ይስቅበታል፡፡ እርግጥ ነው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የሆድ ሕመም ሁሉ የቬገስ ጣጣ አይደለም፤ ማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻውም አንጀትን ያደክማሉ፡፡ አንዱ ወገን ቢጎዳም ሌላው ብዙውን ጊዜ ሸክሙን ይዞ ይቀጥላል፡፡ ይሁን እንጂ ድምፅና ሆድ አብረው ሲታወኩ ቅሬታው ቅዠት አይደለም፤ ለሐኪም ሊነገርና ሊመረመር ይገባዋል፡፡

እንደ እኔ በባንክ መስኮት ኋላ ለሚውል ሰው የዚህ ነርቭ አሠራር እንግዳ አይደለም፡፡ ከክሮቹ አብዛኞቹ ትእዛዝ ከአንጎል የሚያወርዱ ሳይሆኑ ወሬ ከሆድና ከደረት ወደ አንጎል የሚያወጡ ናቸው፡፡ ቅርንጫፉ ከሚታዘዘው ይልቅ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚያሳውቀው ይበዛል፡፡ አበው ነርቭን በስሙ ሳያውቁት እውነትን ከአንጀት የምትወጣ አድርገው መናገራቸው እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል፡፡ ቢሆንም ያማረ አጋጣሚ ነው፡፡ ከአንጀት የሚነሣው ወሬ ወደ ላይ ለመውጣት በአንገት ማለፍ አለበት፤ በዚያ በኩል ቢላዋ የሚያሳልፍ እጅ መንገደኛውን ያክብር፤ ታማሚው ሲናገርም የሚሰማ ጆሮ ይኑር፡፡