የኬፕ ዮርክ ብረት፦ ከቢላዋ ስለት እስከ ሙዚየም

በ1818 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ጆን ሮስ በሰሜን በኩል ወደ እስያ የሚያሻግር የባሕር መንገድ ሲፈልግ በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ከኢኑጉዊት ሰዎች ጋር ተገናኘ። አገሩ ዛፍ አይበቅልበትም፤ ማዕድን የሚያቀልጥ ከሰል የሚከሰልበት እንጨት ከየት ይመጣል? ሰዎቹ ግን የብረት ቢላዋ ነበራቸው። እጀታው አጥንት ነው፤ በጠርዙ ላይ ቦይ ተፈልፍሎ ሳንቲም የሚያህሉ ስስ የብረት ቁራጮች ተርታውን ተሰክተውበታል።

ብረቱ በባሕሩ ዳር ካለ ተራራ እንደሚመጣ ነገሩት። ሮስ ቦታውን ሳያይ ቢመለስም የብረቱ ናሙና ለንደን ደረሰ፤ ዊልያም ዎላስተን የተባለው ኬሚስት መርምሮ ኒኬል አገኘበት። ኤርነስት ክላድኒ በ1794 እንዲህ ያለው ብረት ከሰማይ የወረደ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ኤድዋርድ ሃዋርድ ደግሞ በ1802 ኒኬል የዚህ ብረት መለያ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በዚያው አካባቢ ባለው ኬፕ ዮርክ ስም የሚጠራው ሜትሮራይት (ከሰማይ የወረደ ብረት) ምንነት የታወቀው አንድም አውሮፓዊ ድንጋዩን ሳያየው ነው።

ለኢኑጉዊት ብረቱ ለዘመናት ያገለገለ ማዕድን ማውጫ ነበር። «ሴቲቱ» በሚሏት 3 ቶን ግድም በምትመዝን ቁራጭ ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ የባዛልት መዶሻ ድንጋዮች ተከምረው ተገኝተዋል። ድንጋዮቹ ከሌላ ስፍራ ተሸክመው ያመጧቸው ናቸው። ብረቱን እሳት ሳያገኘው እየቀጠቀጡ ይሸርፉታል፤ በንግድ እየተላለፈም እስከ ካናዳ አርክቲክ ደርሷል።

አሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ በ1894 የአገሩ ሰው መርቶት ሴቲቱ ዘንድ ደረሰና የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጫረባት። በቀጣዩ ዓመት እሷንና «ውሻው» የተባለውን 400 ኪሎ ግድም ቁራጭ፣ በ1897 ደግሞ 31 ቶን የሚመዝነውን አኒጊቶ የተባለውን ቁራጭ በመርከብ ጭኖ ኒው ዮርክ አስገባ። ኢኑጉዊት በዚያን ጊዜ ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ብረት ያገኙ ነበር፤ የፒሪ ተሟጋቾች ይህን ያነሳሉ፤ እውነትም ነው። ሰው የማይገለገልበት ንብረት ግን ባለቤት አልባ ነው ማለት አይደለም። በ1897ቱ መርከብ ስድስት ኢኑጉዊት አብረው ተወሰዱ፤ አራቱ በወራት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የሕፃኑ ሚኒክ አባት ቂሱክ ከሟቾቹ አንዱ ነው። አጽማቸው በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጦ የቆየ ሲሆን ወደ ግሪንላንድ የተመለሰው በ1993 ነው።

አሁን ደግሞ ብረቱ ከየትኛው የሜትሮራይት ምድብ እንደሆነ እንመልከት። የተለሰለሰ የብረት ሜትሮራይት ገጽ በአሲድ ሲታጠብ የተጠላለፉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። ዊልያም ቶምሰን በ1804 ኔፕልስ ላይ ቢያስተውላቸውም የሚጠሩት ከአራት ዓመት በኋላ ቪየና ላይ ባያቸው በቪድማንሽቴተን ስም ነው። መስመሮቹን የሚሠሩት ኒኬል ያነሰበት ካማሳይትና ኒኬል የበዛበት ቴናይት ናቸው፤ የሚፈጠሩትም ብረቱ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ በአሥሮች ወይም በመቶዎች ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ ነው። ምድር ላይ ማንም አንጥረኛ ይህን አስመስሎ ሊሠራ አይችልም። የኬፕ ዮርክ ብረት መስመሮች ስፋት ወደ አንድ ሚሊሜትር ስለሚጠጋ በድሮው አከፋፈል «መካከለኛ ኦክታሄድራይት» ተባለ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ዓይን ብቻውን አልበቃም፤ ጋሊየም፣ ጀርማኒየምና ኢሪዲየም ተለክተው «ሦስት-ኤቢ» ከተባለው፣ ከብረት ሜትሮራይቶች ምድብ ሁሉ ትልቁ ከሆነው፣ ተመደበ። የምድቡ አባላት የአንድ የተሰባበረ አስትሮይድ እምብርት ስብርባሪዎች እንደሆኑ ይታመናል።

ዴንማርካዊው የብረታ ብረት ሊቅ ቫግን ቡክቫልድ በ1963 በዚያው አካባቢ 20 ቶን የሚመዝነውን፣ አግፓሊሊክ የተባለውን ሌላ ቁራጭ አገኘ። በ1967 ኮፐንሃገን ገብቶ ተሰነጠቀ፤ ውስጡም በሰፊው ተጠና። ይህም ከአገሩ መወሰዱ አልቀረም፤ ቢያንስ ግን የተወሰደው ሊጠና ነው።

ለምድብ ሥራ አንድ ስስ ቁራጭ ይበቃል። 31 ቶኑን አኒጊቶ ግን የፒሪ ቤተሰብ ከሴቲቱና ከውሻው ጋር በ1909 ለአሜሪካው ሙዚየም በ40,000 ዶላር ሸጠው። ለኢኑጉዊት ከገንዘቡ የደረሳቸው የለም።