ከሰይጣን ቤት እስከ ጉማ፤ አራዳና የተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥበብ

የአንድ ከተማ ሠፈር ስሙ ከአንድ ጥበብ ጋር ተቆራኝቶ የሚነሣው ጥበቡ በዚያ ስለተሠራ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ጥበቡን ለማየት ወደዚያ ስለሚጎርፍ፣ ባለሙያው ከባለሙያው ጋር ስለሚገናኝ፣ በአዳራሽ የታየውም ከአዳራሽ ውጪ በቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚተች ጭምር ነው። በአገራችን ለፊልም እንዲህ ያለ ሠፈር ይጠቀስ ቢባል፣ በኋላ ፒያሳ የተባለውን የአዲስ አበባን አራዳ የሚቀድመው አይገኝም። የአራዳን የፊልም ታሪክ መመርመር ታዲያ የሕንፃዎችን ዕድሜ ከመቁጠር ያለፈ ነገር ነው። የሥዕል ማንሻውን መሣሪያ የያዘው ማን ነበር? የተቀረጸውስ ማን ነበር? ተቀምጦ የተመለከተው፣ የፈረደውስ ማን ነበር? የሚሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ አራዳ የከተማይቱ ገበያና አደባባይ ሆነ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ እህሉ፣ ከብቱ፣ ጨርቁና ወሬው በአንድነት ይሸጥ ይለወጥ ነበር። የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቃቸውን የከፈቱት፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያሠሩት፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የቆመውም በዚሁ ሠፈር ነው። የፋሺስት ወራሪ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ሲያዛውር፣ አራዳን በራሱ ቋንቋ አደባባይ ማለት በሆነው ቃል ፒያሳ ብሎ ሰየመው። ወራሪው ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ። የቀድሞው ስም ደግሞ በሰው ጠባይ ላይ አደረ። ብልጡን፣ ነገር ቶሎ የሚገባውን፣ በቀላሉ የማይታለለውን ሰው ዛሬም «አራዳ» እንለዋለን። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ይህ ጠባይ ለፊልም ተመልካች እጅግ ያስፈልገዋል።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት፣ በመጀመሪያም ወደ ቤተ መንግሥት ነበር። ለሕዝብ ማሳየት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የከተማው ሰው ይህን የጨለማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ይህን ስያሜ የድንቁርና ምልክት ብቻ አድርገው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በስሙ ውስጥ ትችት አለ እላለሁ። ያ ተመልካች እስትንፋስ የሌለው ጥላ ሲስቅ፣ ሲያለቅስና ሲጋልብ አየ፤ ጥላውን የሚያንቀሳቅሰውን እጅ ግን አላየም። የማይታይ እጅ በሚታይ ነገር ሰውን ሲገዛ በባህላችን ሌላ ምን ይባላል? ስሙ ለዘመኑ የመጀመሪያው የፊልም ሒስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማይታየው እጅ የማን እንደሆነ ግልጥ ሆኖ የወጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ከታንክና ከመርዝ ጋዝ ጋር የፊልም መሣሪያም ይዛ መጣች። የሮማን «ሥልጣኔ» የሚያወድስ፣ አርበኛውን ሽፍታ የሚያሰኝ ፊልም ተቀርጾ ታየ። ሆኖም በዚያው በአራዳ ዙሪያ ሌላ ታሪክም ተጽፏል። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ለወረራው መመከቻ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነፃነት በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ በሠፈሩ ጸና። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጠላት ጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ከዚያው አጠገብ ቆሟል። ከአራዳ ቁልቁል ያለው ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን ጠላት ለራሱ ሲኒማ ቤት ብሎ የጀመረው ሕንፃ ነበር። ፍጻሜው ግን የኢትዮጵያውያን ከያንያን መድረክ መሆን ሆነ።

ከነፃነት በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር የፒያሳ ምሽት ዋና መሰብሰቢያዎች ሆኑ። ተማሪው፣ ወታደሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የቀን ሠራተኛው በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የአሜሪካን ፈረሰኛና የህንድን ዘፈን አዩ። በነጩ ሸራ ላይ የሚታየው ኑሮ ሁሉ የሌላ አገር ኑሮ ነበር። ተመልካቹ የሰውን ጎጆ፣ የሰውን ሠርግ፣ የሰውን ሐዘን ዓመታት ሙሉ ሲያይ የራሱን ጎጆ አላየም።

የመጀመሪያው መልስ በ1957 ዓ.ም. መጣ። በእላላ ኢብሳ ተደርሶ በላምብሮስ ዮካሪስ የተዘጋጀው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ ለሕዝብ ቀረበ። ርእሱ ጥያቄ መሆኑ ልብ የሚያሰኝ ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በቀለም ተከተለ። ደም ስለ መመለስና ስለ እርቅ የሚናገረው ይህ ሥራ የኦሮሞን ሕዝብ ጥንታዊ የዳኝነት ባህል ወደ ሸራው አመጣ። ሁለቱንም ያዘጋጁት የግሪክ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው በአንድ በኩል የአራዳን ኅብረ ብሔራዊ መልክ ያሳያል። በሌላ በኩል አገሩ የራሱን ባለሙያ ገና እንዳላሠለጠነ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ከአራዳ ወጥተን ወደ ሰሜን ደጋዎች እናቅና፤ የፊልም ኃይል በእውነት የተፈተነው በዚያ ነውና። በ1966 ዓ.ም. መባቻ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ያው ፊልም ከንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው በ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዕለት ሲሆን፣ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ የተሰደደው ገበሬ በኮረም ሜዳ ተኝቶ ሳለ ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ቀረጹት፤ ዓለምም አየው። ያ ፊልም እርዳታ አስገኝቷል፤ ነፍስም አድኗል። ይሁን እንጂ የሰቆጣና የዝቋላ ሰው በዓለም ሸራ ላይ የታየው እንደ ሬሳና እንደ አጽም ብቻ ነው። እርሻውን፣ የኽምጣኛ ቋንቋውን፣ ለቅሶና ሠርጉን፣ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያኑን ይዞ አልታየም። የተቀረጸው እርሱ፣ የቀረጸው ሌላ፣ የፈረደውም ሌላ ነበር።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ክብደቱ ከዚህ አንጻር ይታያል። በ1966 ዓ.ም. በአጭር ጊዜ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ገበሬዎችን ራሳቸውን አሳትፎ የተቀረጸው ይህ ሥራ ጭሰኛውን በራሱ አንደበት አናገረው። ገበሬው የሚታዘንለት ምስል መሆኑ ቀርቶ የሚከራከር ሰው ሆነ። የፊልሙ አዘጋጅ ጥበቡን የተማረው በባሕር ማዶ ቢሆንም፣ ያነሣው ጥያቄ አራዳ ከሰይጣን ቤት ዘመን ጀምሮ ሲያነሣው የኖረው ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሲኒማ ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ዞሩ። በ1970ዎቹም የፊልም ማዕከል፣ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋሙ። ባለሙያ ሠለጠነ፤ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ፤ በ1984 ዓ.ም. የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ለተመልካች በቃ። ኮርፖሬሽኑ በ1991 ዓ.ም. ሲዘጋ ብዙዎች የአገሩ ፊልም አበቃ ብለው ነበር። ሆኖም በቪዲዮ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ የመንግሥት ገንዘብ ሳያገኙ፣ ሥራቸውን ወደ እነዚያው የፒያሳ አዳራሾች ይዘው መጡ። በ1990ዎቹ በአማርኛ ፊልም መግቢያ በር ላይ የታየው ሰልፍ አራዳ ለዓመታት ያፈራው ተመልካች እንዳልጠፋ አረጋገጠ። ከዚያም «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ ተሸለመ፤ በማግሥቱም ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካን ታላቅ የፊልም ሽልማት ተቀበለ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል በይፋ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። የአገር ውስጡ የፊልም ሽልማትም ስሙን ከ«ጉማ» ወሰደ።

የአራዳ ጎብኚ እንግዲህ ከአደባባዩ ቆሞ ሐውልቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ቁልቁል የሚወርደውንም የቸርችል ጎዳና ሲያይ ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ዕይታ ያያል። ሆኖም ከሚያየው የማያየው እየበዛ መጥቷል። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴልን እሳት ጎዳው። ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመልሶ ማልማት ሥራ የሠፈሩ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወሩ። በዚያው ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በሠፈሩ ተመርቋል። ከተማ ሊታደስ ይገባል፤ የሚያፈስ ጣሪያና የጎደለ መጸዳጃ የታሪክ ቅርስ ነው ብሎ የሚሟገት ሰው በዚያ ያልኖረ ነው። ነገር ግን ድንጋይና መንገድ ሲታደስ ተመልካቹ ከተበተነ፣ ከአዳራሽ ሲወጣ የሚከራከርበት ደጅ ከጠፋ፣ ሠፈሩ ስሙን እንጂ ጥበቡን አይዝም።

ስለዚህ መምህራን፣ ከያንያንና የባህል ሠራተኞች ሦስት ሥራዎች ይጠብቁናል። አንደኛው፣ የፊልም ጥቅሎቻችን ከሙቀትና ከአቧራ ተጠብቀው እንዲገለበጡ መወትወት ነው፤ ፊልም እንደ ብራና ዘመናትን አይሻገርምና። ሁለተኛው፣ መሣሪያ ያንቀሳቀሱትን፣ ትኬት የቆረጡትን፣ ማስታወቂያ ሥዕል የሣሉትን አረጋውያን ቃል ሳይረፍድ መመዝገብ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ የሥዕል ማንሻው መሣሪያ ከአራዳ ወጥቶ ሰቆጣም፣ ጽጽቃም እንዲደርስ፣ የዋግ ልጅ የዋግን ኑሮ እንዲቀርጽ መንገዱን ማበጀት ነው። አንድ ቀን በኽምጣኛ የተሠራ ፊልም በአንድ የአራዳ አዳራሽ ሲታይ፣ ተመልካቹ የማይታየውን እጅ አይፈራም፤ እጁ የማን እንደሆነ ያውቃልና።