የላስታ ዕቃ ቤቶች፤ ጽሑፍ ያልተሰቀለባቸው ቤተ መዘክሮች

ቤተ መዘክር የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በትልቅ ከተማ የተሠራ ሰፊ ሕንፃ፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተደረደረ ዕቃና በበሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ዳሩ ግን የቃሉን ፍች ብንመረምር መዘክር ማለት ማስታወሻ ነው፤ ቤተ መዘክርም የማስታወሻ ቤት ማለት ነው። ፍቹ ይህ ከሆነ በላስታ ምድር በየተራራውና በየዋሻው ያሉት የአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶች፣ ምንም እንኳ በበራቸው ላይ ጽሑፍ ባይሰቀልባቸው፣ ከአገራችን ቤተ መዘክሮች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድሙ ናቸው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ትንንሽ ቤቶች፣ በውስጣቸው ስላለው ቅርስና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባው ያየነውንና ያሰብነውን ለመግለጽ እንወዳለን።

የላሊበላ ከተማ ቀድሞ ሮሐ ትባል ነበር። ዛሬ የምትጠራው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም ነው። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ለዓለም የታወቁ ስለ ሆኑ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በ1520 በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ እነዚህ ሕንፃዎች ከገለጸ በኋላ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ እንደ ተወው ይታወቃል። ሥራው ሁሉ በ24 ዓመት ተፈጸመ ብለው ካህናቱ እንደ ነገሩትም ጽፏል። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ሥፍራዎች ውስጥ ላሊበላ አንዱ ነው።

ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው ግን ድንጋዩን ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ዕቃ በትዕግሥት የሚመለከተው ጥቂት ነው። እኛ በጎበኘን ጊዜ ልባችንን የሳበው ይኸው ሁለተኛው ነገር ነበር። ቄሰ ገበዙ ከመጋረጃው ኋላ ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ መስቀል ይዘው ይወጣሉ፤ ጨርቁን ቀስ ብለው ይፈቱታል፤ ስሙንና ታሪኩን ይናገራሉ፤ ከዚያም የፈለገውን ሰው ይባርኩበታል። ይህን በሚመስል አኳኋን የብራና መጽሐፍ፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ አክሊልና ካባ አንድ በአንድ እየወጡ ይታያሉ። እዚህ ቤተ መዘክር ውስጥ በዕቃው ላይ የተለጠፈ ወረቀት የለም፤ ወረቀቱ የካህኑ አንደበት ነው።

ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ደግሞ ሌሎች ይገኛሉ። 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ነአኵቶ ለአብ፣ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ በሆነው ንጉሥ ስም የሚጠራ የዋሻ ገዳም ነው። ከዋሻው ጣራ የሚንጠበጠበው ውሃ በጥንታውያን የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጸበል ነው ብለው ይጠጡታል። ካህናቱ በዚያው መስቀሎችንና ሥዕል ያለባቸውን መጻሕፍት ያሳያሉ።

በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ሕንፃዎች በፊት የቆመ ነው። ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የአክሱም ዘመን የአናጺነት ጥበብ በዛጔ ነገሥታት ዘመን እንዳልጠፋ በዓይን ያስረዳል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ አክሱም ወድቃ ሁሉ ነገር እንደ ተቋረጠ አድርጎ እንዳያስብ ይህ አንድ ሕንፃ ይበቃዋል። በገነተ ማርያም ደግሞ በግድግዳው ላይ የዐፄ ይኵኖ አምላክ ሥዕል ይታያል። በ1270 በፈረንጆች አቆጣጠር የዛጔን መንግሥት የተካው ንጉሥ ሥዕሉ በራሱ በላስታ ምድር መገኘቱ፣ አዲሱ መንግሥት የቀድሞውን አገር በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ሥራም ለመያዝ እንደ ፈለገ ያመለክታል ብለን እናስባለን።

እንግዲህ እነዚህ ዕቃ ቤቶች ከሌላው ቤተ መዘክር የሚለዩበት ምንድን ነው? በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር አለ። በዚያ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ መስቀሎች ጎን ለጎን ስለሚታዩ የአንዱን ቅርጽ ከሌላው ጋራ አስተያይቶ ለመማር ይመቻል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ የገባ መስቀል ከሥራው ያረፈ መስቀል ነው። የላስታው መስቀል ግን ገና በሥራ ላይ ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን፣ የልደት በዓል ሲከበር፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት ግንብ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ፣ ከበሮውም ጸናጽሉም መቋሚያውም እዚያው ናቸው። ዕቃው ምን ያገለግል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሲያገለግል ያየዋልና።

ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ያለ ዕቃ አደጋ አለበት። የጧፍ ጢስ ሥዕሉን ያጠቁረዋል፤ እርጥበት ብራናውን ያበላሸዋል፤ በየቀኑ የሚገልጠው እጅ ጠርዙን ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የሌባ እጅ ነው። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቅ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። የከተማው ሕዝብ ያዘነው አንድ ውድ ዕቃ ጠፋ ብሎ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ የሚታሽበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት መስቀል ስለ ነበረ ነው። መስቀሉ በኋላ በቤልጂየም አገር በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ቅርስ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ሁላችንም ተረድተናል።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች፣ የየገዳሙ ዕቃ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ዋና ከተማ ይወሰድና በጠንካራ ቤት ይቀመጥ ይላሉ። ሐሳቡ ከመቈርቈር የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። ታሪክ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወስደው በመቅደላ አከማቹ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በወደቀች ጊዜ፣ ከመቶ ዓመታት በላይ በየደብሩ ተበታትኖ የኖረው ሀብት በአንድ ጊዜ በጠላት እጅ ገባ። በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ተጭኖ እንደ ወረደም ይነገራል። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ገቡ። እንግዲህ በአንድ ቦታ መከማቸት ብቻውን መጠበቅ አይደለም። በላስታ የቀረው ቅርስ የቀረው በየዋሻው ስለ ተበተነና እያንዳንዱ ደብር የራሱን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለ ጠበቀ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእኛ አስተያየት ዕቃው በቦታው ይኑር፤ ስሙ ግን በመዝገብ ይስፈር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ሁሉ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዝዛል። ለመጻሕፍትም ጥሩ ምሳሌ አለን። በ1973 በፈረንጆች አቆጣጠር በአዲስ አበባ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ የብዙ ሺህ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ መጻሕፍቱን ለየባለቤቶቻቸው መልሷል። መጽሐፉ ወደ ደብሩ ተመልሷል፤ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

አንዳንድ አባቶች መዝገብን ይፈራሉ። ዝርዝሩ ከተጻፈ ለሌባ መንገድ ያሳያል፣ የተሰወረው እንደ ተሰወረ ቢቀር ይሻላል ይላሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከደጅ መጥቶ ያታለላቸው ሰው ብዙ ነውና። ነገር ግን አፍሮ አይገባን እንመልከት። ቅርጹ የታወቀ፣ በፎቶግራፍም የተነሣ መስቀል ስለ ነበረ፣ በባዕድ አገር ሲገኝ የላሊበላ መሆኑን ሊክድ የሚችል አልነበረም። ማንም የማያውቀው፣ በማንኛውም መዝገብ ያልሰፈረ አንድ ትንሽ የእጅ መስቀል ቢጠፋ ግን የየት ነው ብለን እንጠይቃለን? በምን ምስክር እናስመልሰዋለን? መዝገቡ ለሁሉ ሰው የሚገለጥ መሆን የለበትም፤ አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ ሌላው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተቈልፎ ቢቀመጥ የአባቶች ፍርሃት ይቀልላል።

ይህ ሥራ የመንግሥትና የካህናት ብቻ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ አይገባም። እኛ ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ የተማርን፣ ብዙዎቻችንም ዕድሜአቸው የገፋ አያቶች ያሉን ነን። በዕረፍት ወራት ወደየመንደራችን ስንመለስ፣ አባቶችን በትሕትና አስፈቅደን የደብራችንን ታሪክ ከአንደበታቸው ብንጽፍ ዋጋው ትንሽ አይሆንም። ከላይ እንዳልነው የዕቃ ቤቱ ወረቀት የካህኑ አንደበት ነው፤ አንደበት ደግሞ ከሰውየው ጋራ ያርፋል። መስቀሉ ቢቀር ማን እንደ ሰጠው፣ በየትኛው ዘመን እንደ መጣ፣ ለምን በዚያ ስም እንደ ተጠራ የሚናገር ከሌለ፣ የቀረን ብረት ብቻ ነው።

ይህ መጽሔት የትምህርት ቤታችንን በዓል ለማክበር ሲዘጋጅ፣ መምህራን የጥንት ተማሪዎችን ስም ከአሮጌ መዝገብ ሲፈልጉ አይተናል። ስማቸው የተጻፈላቸው ዛሬ ይታወሳሉ፤ ያልተጻፈላቸው ግን፣ ምንም ያህል ብርቱ ተማሪዎች ቢሆኑ፣ ሊገኙ አልቻሉም። ለትምህርት ቤት እንዲህ ከሆነ 800 ዓመት ለኖረ ቅርስ ምን ያህል ይሆን? አባቶቻችን ዓለቱን ፈልፍለው አስረክበውናል። ከእኛ የሚፈለገው እንደ እነርሱ ተራራ መፈልፈል አይደለም፤ ብርዕ አንሥቶ የተረከብነውን መቍጠር ነው።